ላምስዉል፣ ሜሪኖ፣ ካሽሜር ወይስ አክሪሊክ? ሹራብ ከመግዛታችሁ በፊት

ሰልባጅ ተራ ሄዳችሁ ሹራብ ስታነሱ ሻጩ የሚላችሁ ያው ነው፦ «ሱፍ ነው፣ ኦሪጅናል!» ግን ሱፍ ሁሉ አንድ አይደለም። ብዙ ጊዜም ጭራሽ ሱፍ አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ አንገቱ ወይም ጎኑ ላይ የተሰፋውን ጽሑፍ አንብቡ።

«ላምስዉል» ማለት ጠቦቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሰባት ወር ገደማ ሲሆነው፣ የተሸለተው ፀጉር ነው። ከዚያ በፊት መቀስ ስላልነካው ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል፤ ሲነኩት የሚለሰልሰውም ለዚህ ነው። የመንዝን ዝተት ወይም ባና የምታውቁ ልዩነቱ ወዲያው ይገባችኋል። ያ ብርድን ድራሹን ያጠፋል፣ ግን ወፍራም ፀጉር ስለሆነ ይኮሰኩሳል።

ሜሪኖ የበግ ዘር ስም ነው፣ ላምስዉል ደግሞ የዕድሜ ጉዳይ። አንድ ሹራብ ሁለቱንም ሊሆን ይችላል፤ «ጂሎንግ» የሚል ካያችሁ የአውስትራሊያ ሜሪኖ ጠቦት ነው፣ አትለፉት። ስስ ሜሪኖ ገላ ላይ ቢለበስም ምቹ ነው፣ ከኮት ሥር ይገባል። ላምስዉል ወፈር ብሎ፣ ክሩም አየር ይዞ ስለሚፈተል ይበልጥ ይሞቃል፣ ግን ቆዳችሁ ቶሎ የሚቆጣ ከሆነ ከሥሩ ቲሸርት ልበሱ። ካሽሜር የፍየል ነው። ልስላሴው ወደር የለውም፣ ዋጋውም እንደዚያው፣ ክርኑ ላይ ደግሞ ቶሎ ይሳሳል። ለየቀኑ ልብስ እኔ ላምስዉልን እመርጣለሁ።

አክሪሊክ ፕላስቲክ ነው። ርካሽ ነው፣ ማሽን ይችላል፣ ለሕፃናት አልቃወምም። ግን ላብ አይመጥም። ሱፍ የክብደቱን 30 በመቶ ያህል እርጥበት መጥጦ እንኳ ብዙም አይረጥብባችሁም፤ እንደ ደብረ ብርሃን ጠዋት ውርጭ፣ ቀን ፀሐይ በሆነበት አገር ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ድብልቅ ከሆነ መጠኑን እዩ። 80 በመቶ ላምስዉል ከ20 በመቶ ናይለን ጋር ጥሩ ነው፣ ናይለኑ ያጠነክረዋል። 10 በመቶ ሱፍ ያለው ግን አክሪሊክ ነው በሉት።

ጽሑፉ ተቆርጦ ከሆነስ? ሻጩን አስፈቅዳችሁ ከራሱ ከሹራቡ ትንሽ ክር ምዘዙና አቃጥሉ፤ የስፌቱ ክር ያሳስታል። ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ይፈርሳል። አክሪሊክ ቀልጦ ጠጣር ጥቁር ድቡልቡል ይሆናል።

አጠባጠቡ ላይ ጠንቀቅ በሉ። እህቴ የላከችልኝን ላምስዉል ሹራብ አንድ ልብስ ማጠቢያ ቤት ሰጥቼ ለስድስት ዓመት ልጅ የሚሆን አድርገው መለሱልኝ፤ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። የሱፍ ፀጉር ላዩ ላይ ጥቃቅን ቅርፊቶች አሉት። ሙቀትና ፍትጊያ ሲያገኙ እርስ በርስ ይያያዛሉ፣ ከዚያ በኋላ ወደ ቀድሞው መመለስ የማይሆን ነገር ነው። ስለዚህ ሳፋ ውስጥ ቢበዛ 30 ዲግሪ ውሃ፣ ለስላሳ የፀጉር ሻምፖ፣ ጫን ጫን ማድረግ ብቻ። አትሹት፣ አትጠምዝዙት። ማለቅለቂያውም ያው ሙቀት ይሁን። ፎጣ ላይ ጠቅልላችሁ ውሃውን ጨምቁና ጥላ ውስጥ ዘርግታችሁ አድርቁ፤ ገመድ ላይ ከተሰቀለ በውሃው ክብደት ይለጠጣል። በረኪና ፈጽሞ አይንካው፣ ሱፉን ይበላዋል። ሹራብ በለበሳችሁት ቁጥር መታጠብ የለበትም፣ አንድ ቀን ለብሳችሁ አንድ ቀን አሳርፉት። መጀመሪያ ሰሞን ብብቱ ሥር ጥቃቅን የፀጉር ድብልብል ቢያወጣ አትደንግጡ፣ የሱፉ ፀጉር አጭር ስለሆነ ነው፤ በእጅ ሳትነጩ በስለት በቀስታ አንሱት።

የሱፍ ጠላት ብል ነው። ሰልባጅ ስትገዙ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋችሁ እዩት፣ የመርፌ ራስ የምታክል ቀዳዳ ካለች እንቁላሉም ሊኖር ይችላል። ከወደዳችሁት ግዙት፣ ግን ቁም ሳጥን ከመግባቱ በፊት በፌስታል አሽጋችሁ ፍሪዘር ውስጥ ቢያንስ ሦስት ቀን አቆዩት፣ ከዚያ እጠቡት።