መርፌውን ትታ ስለ መኪናዬ ለጠየቀችኝ ሐኪም

ልጄን የዳርኩት ጥር ላይ ነው። ይሄን ምስጋና ያኔ መጻፍ ነበረብኝ፤ ዛሬ ነገ ስል ሰኔ ገባ።

51 ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የተማሪ ሰርቪስ መንዳት ከጀመርኩ 18 ዓመት ሆነኝ። ነሐሴ ላይ የሠርጉ ቀን ሲቆረጥ መስታወት ፊት መቆም አበዛሁ። ቅንድቤ መሀል ያሉት ሁለት መስመሮች ሳልቆጣ የተቆጣሁ ያስመስሉኛል። ጉንጬ ላይ ደግሞ ማድያት። የሙሽራ እናት እንዲህ ሆና ፎቶ ልትነሳ?

መጀመሪያ የሄድኩት ሐኪም ጋ አልነበረም። አንድ የውበት ሳሎን ገባሁና ስም ያልተጻፈበት ብልቃጥ ክሬም ሸጡልኝ። "ቅይጥ ነው፣ በ2 ሳምንት ታዪዋለሽ" አሉኝ። እውነትም ፊቴ ቦግ አለ። ሰው ሁሉ "ምን ተቀባሽ?" ሲለኝ ኮራሁ። ሁለት ወር ሳይሞላ ግን ጉንጬ ቀላ፣ ቆዳዬ ሳሳ። እንጀራ ልጋግር ምጣድ ፊት ስቀመጥ ይለበልበኝ ጀመር።

ያኔ ነው ጓደኛዬ ወደዚህች የቆዳ ሐኪም የላከችኝ። ስሟን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለጠየቀችኝ ዶክተር ብቻ ልበላት።

ቦቶክስም (የፊት መስመር የሚያላላ መርፌ)፣ ፊለርም (የጎደለ ቦታ የሚሞላ መርፌ)፣ ሌዘርም (ቆዳ ላይ የሚያርፍ የብርሃን ሕክምና) ልጠይቅ ነበር የገባሁት። እሷ መብራቱን አስጠግታ ፊቴን ወዲያና ወዲህ አዙራ አየችና "መኪና ይነዳሉ እንዴ?" አለችኝ። ጠንቋይ ቤት የገባሁ መሰለኝ። መስታወት አቀበለችኝ። በግራ ዓይኔ ዳር ያለው ሽብሽብ ከቀኙ ይበዛል፤ ማድያቱም በግራ ጉንጬ ይጠቁራል። ለካ 18 ዓመት በመስኮት በኩል ፀሐይ የጠጣው እሱ ነው። የመኪና የጎን መስታወት የሚያቃጥለውን ጨረር ቢከለክልም ዩቪኤ የሚባለውን፣ ቆዳ የሚያስረጀውን፣ ያሳልፋል አለችኝ። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለች ናት። ብርዱ ያታልለናል እንጂ ፀሐይዋ ብርቱ ናት።

ብልቃጡን ከቦርሳዬ አወጣሁላት። ውስጡ ያለውን ሳይመረመር ማወቅ ባይቻልም፣ የፊቴ ሁኔታ ስቴሮይድ የሚባል ጠንካራ መድኃኒት ያደረሰው ጉዳት እንደሚመስል አስረዳችኝ። ሳቆም ለጊዜው እንደሚብስብኝም አልደበቀችኝም። እንዳለችውም ሆነ። በሁለተኛው ሳምንት ፊቴ በርበሬ መስሎ ስደውል ራሷ አነሳችና "ይሄ የሚጠበቅ ነው፣ ተመልሰው እንዳይቀቡት" አለችኝ። በማግስቱም ጠርታ አየችኝ። ይሄን ጽሁፍ ያስጻፈኝ ከሁሉ በላይ ያ ስልክ ነው።

ሌዘሩን እምቢ አለች። እንደኔ ጠይም ቆዳ፣ በዚያ ላይ ተቆጥቶ እያለ፣ የማይስማማው ሌዘር ካረፈበት ጭራሽ ጠቁሮ ሊቀር ይችላል። ፊለሩንም እምቢ አለች። "ጉንጭዎ አልጎደለ፣ ምኑን ልሙላው?" አለችኝ። በስህተት ደም ሥር ውስጥ ከገባ ቆዳ ሊገድል፣ ዓይንም ሊያሳውር ይችላል። ሌላ ቦታ ብሄድ እንኳ የሃያሉሮኒክ አሲድ ፊለር ማሟሟያ፣ ሃያሉሮኒዴዝ የሚባለው፣ እጃቸው ላይ መኖሩን ሳልጠይቅ እንዳልወጋ አስጠነቀቀችኝ። ገንዘብ ይዤ ሄጄ አልቀበልም ያለኝ ሰው በዕድሜዬ እሷን አየሁ።

ቦቶክሱን ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ፣ ፊቴ ሲረጋጋ፣ ቅንድቤ መሀል ብቻ ሠራችልኝ። የቦቶክሱን ብልቃጥ እዚያው ከፍታ በሳላይን (በጨው ውሃ) ስትበጠብጠው አየሁ። አምስት ቦታ ወጋችኝ፣ በድምሩ 20 ዩኒት (የመድኃኒቱ መለኪያ ነው)። ትንኝ የነከሰችኝ ያህል ነው። እንዳላሸው፣ ለ4 ሰዓት ያህል ጋደም እንዳልል፣ ያን ቀን ሻሽ ግንባሬ ላይ አጥብቄ እንዳላስር ነገረችኝ። በ4ኛው ቀን መስመሩ ላላ፤ በ2 ሳምንት ጠፋ ማለት ይቻላል። ሠርጉ ላይ አለቀስኩም ሳቅኩም፣ ፊቴ ግን የራሴው ነበር። ባለቤቴ "እንቅልፍ ያገኘሽ ትመስያለሽ" ነው ያለኝ። እስከ ዛሬ አያውቅም፤ ይሄን ካነበበ እንግዲህ አወቀ።

ቦቶክስ የሚቆየው 3 ወይም 4 ወር ነው፣ አሁን ለቆኛል። አልደገምኩትም፤ እሷም ድገሚ አላለችኝም። የቀጠልኩት ርካሹን ነው። ጠዋት ቀለም ያለው ሰን ስክሪን (የፀሐይ መከላከያ) እቀባለሁ። ቀለሙ አይረን ኦክሳይድ ስላለበት ለማድያት ከነጩ ይሻላል። ማታ ደግሞ ከየካቲት ጀምሮ እሷ ያዘዘችልኝን ትሬቲኖይን የሚባል የሚቀባ መድኃኒት፣ አተር የምታክል ብቻ። መጀመሪያ በሳምንት 2 ቀን ነበር፤ እንዲያም ሆኖ ልጦኛል። ለውጡን ያየሁት ግንቦት ላይ ነው። ነፍሰ ጡሮች ይሄን መድኃኒት አትንኩት።

አድራሻዋን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ጠዋት ወረፋ አለ፤ ከሰዓት ይቀላል። ቤት ያለውን የምትቀቡትን ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።