አሮጌዋን የቤንዚን መኪና መያዝ ወይስ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና መግዛት?

የካርቦን አሻራውን፣ ማለትም በአኗኗሩ ምክንያት ወደ አየር የሚለቀቀውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ መቀነስ የሚፈልግ ባለመኪና አንድ ቀን ይህ ጥያቄ ይገጥመዋል።

ከጭሱ እንጀምር። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲነድ 2.3 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ሊትሩ ራሱ አንድ ኪሎ እንኳ አይሞላም፤ ትርፉ ክብደት ካርቦኑ ሲነድ ከአየር የሚወስደው ኦክስጅን ነው። በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር የምትጠጣ መኪና በዓመት 10,000 ኪሎ ሜትር ብትሄድ ከ1.8 ቶን በላይ ትለቃለች።

የኤሌክትሪኳ ጭስ ማውጫ የላትም፤ ግን ዕዳ ይዛ ነው የምትወለደው። ለባትሪዋ ማዕድን ይቆፈራል፣ ይጣራል፣ ብዙ ኃይል ይፈጃል። ስለዚህ ከፋብሪካ ስትወጣ አሻራዋ ከቤንዚን አቻዋ ይበልጣል። ኤሌክትሪኩ ከውኃ፣ ከነፋስ ወይም ከፀሐይ ከመጣ ዕዳዋን ቶሎ ትከፍላለች፤ ከድንጋይ ከሰል ከሆነ ግን እያዘገመች።

ወጪ፦ የአሮጌዋ ዋጋ ተከፍሎ አልቋል፣ ነዳጅና ጥገናዋ ግን አያልቅም። አዲሷ መግዣዋ ይከብዳል፣ የሞተር ዘይት አትጠይቅም።

ሥጋት፦ አሮጌዋ መንገድ ላይ ልትቆም ትችላለች፤ የአዲሷ ባትሪ ከዓመት ዓመት ይደክማል።

መኪናዎ በሳምንት አንዴ ብቻ የምትነሣ ከሆነ፣ ጎማዋን በልኩ እየነፉ ቢይዟት ይሻላል። በየቀኑ ረጅም መንገድ ለሚነዳ፣ በተለይ ንጹሕ ኤሌክትሪክ ካለው፣ እኔ ወደ አዲሷ አደላለሁ። አሮጌዋን ከሸጡ ግን ጭሷ ከእርስዎ ስም ይወርዳል እንጂ ከሰማዩ ላይ አይጠፋም፤ ሌላ ሰው ይነዳታልና።