ተሳቢ ቤት የሚጎትት ፒካፕ ፍለጋ፣ ሃይሉክስ 2.8ን ጅማ ላይ እንዴት አገኘሁት

እኔና ወንድሜ ቡና ላይ ነን። አጋሮ በኩል እርሻ ሊያዩ የሚመጡ እንግዶች በየማታው ጅማ ከሚመላለሱ እዛው ይደሩ ብለን ሁለት አልጋ፣ ትንሽ ኪችንና ሻወር ያለው ተሳቢ ቤት አዲስ አበባ አሰራን። ውሃው ሞልቶ እቃው ተጭኖ 2300 ኪሎ። የቀረን የሚጎትተው ፒካፕ መግዛት ብቻ ነው፣ ቀላሉ ነገር መስሎን ሃሃ።

መጀመሪያ በሰው ፒካፕ ነው ያመጣነው፣ ያንን ጉዞ መቼም አልረሳውም። እስከ ወልቂጤ ሰላም ነበር፣ የጊቤን ቁልቁለት ስንጀምር ግን ተሳቢው ግራ ቀኝ እየተወዛወዘ መኪናውን ከኋላ ይገፋዋል፣ መሪው እጄ ላይ ቅልል አለኝ፣ ከዛ የፍሬን ሸራ ሽታ ጋቢና ገባ። ድልድዩን አልፈን ቆመን ጎማው እጅ አያስጠጋም ነበር። ለካ ተሳቢውን የሰራልን ሰው ፍሬን አልገጠመለትም፣ "ፒካፑ ያቆመዋል" ነበር ያለን፣ እኛም አለማወቃችን። ሃይሉክስም በሉት ዲማክስም ሬንጀርም፣ ፍሬን ለሌለው ተሳቢ የተፈቀደላቸው 750 ኪሎ ነው እኮ! ሻጭ ሁሉ የሚጠራላችሁ 3500 ኪሎ ተሳቢው የራሱ ፍሬን ሲኖረው ነው።

አጎቴ ድሮ የቡና ከባድ መኪና ከነተሳቢው ይነዳ ነበር። ስለ ፈረስ ጉልበት ሳወራለት ቆየና "አንተ ልጅ፣ መጎተት በሬም ይጎትታል፣ እንዴት ልታቆመው ነው?" አለኝ። ከዛ በኋላ ነው ፍለጋውን እንደ አዲስ የጀመርነው።

ልቤ ላንድክሩዘር 79 ላይ ነበር፣ ባለ 4.2 ሊትሩ፣ ጅማ ላይ የማይፈታው መካኒክ የለም፣ ባሌስትራውም የማይበገር ነው። ችግሩ ያ ሞተር ተርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው) የለውም፣ ተርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ በየ1000 ሜትሩ ከፍታ 10 ፐርሰንት ገደማ ጉልበቱን ያጣል፣ ጅማ ከ1700 ሜትር በላይ ናት አስቡት። ዋጋውንማ ተዉት። ዲማክስ ባለ 3 ሊትሩ (190 ፈረስ፣ 450 ኒውተን ሜትር ቶርክ፣ ማለትም የማዞር ጉልበት) ብናገኝ እንወስደው ነበር፣ የቀረበልን ግን የድሮው ባለ 2.5 ነው፣ 320 ኒውተን ሜትር፣ ለብቻው ሸጋ መኪና ነው ለሳኮሩ ዳገት ከ2300 ኪሎ ጋር ግን አላመንኩትም። አንድ አሜሪካ ያለ ዘመድ ደግሞ ፎርድ ኤፍ 150 ግዙ አለን፣ እውነት ነው በደንብ የተሟላው ከ5 ቶን በላይ ይጎትታል፣ ግን ቤንዚን ነው፣ መለዋወጫውን ከየት ላምጣ?

በመጨረሻ ሃይሉክስ 2.8 ኦቶማቲክ ወሰድን፣ በፈረንጆቹ ከ2020 ወዲህ ያለው፣ 204 ፈረስ 500 ኒውተን ሜትር። ዳገት ላይ በጣም ደስ ይላል፣ ተርቦው አየሩ ሲሳሳም አይጨነቅም፣ ሳኮሩን ስንወጣ ቴምፕሬቸሩ ንቅንቅ አላለም። ቁልቁለት ላይ በማኑዋል ሁለተኛ ላይ አድርጌ ሞተሩ እንዲይዘው ነው የማደርገው፣ ተሳቢውም አሁን ፍሬን አለው፣ በሁለቱም አክስል አስገጠምንለት።

አንድ ግን ማንም የማይነግራችሁ ነገር፣ የተሳቢው አፍ ፒካፑ ላይ የሚያርፍበት ክብደት። ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 ፐርሰንት መሆን አለበት። እኛ መጋዘን ወስደን ጆንያ የምንመዝንበት ሚዛን ላይ አፉን ብናሳርፈው 120 ኪሎ ብቻ! ለዛ ነው ጊቤ ላይ የተወዛወዘው፣ 200 ሊትር የውሃ ታንከሩን ከተሳቢው ኋላ ጫፍ ላይ አስቀምጠውታል። ወደ ፊት አዛወርነው፣ 270 ኪሎ ሆነ፣ መወዛወዙ ቀረ። ያቺ 270 ግን ከፒካፑ ጭነት ላይ ነው የምትቀነሰው፣ አምስት ሰው ከጫናችሁ በኋላ ስፖንዳው ውስጥ ጄኔሬተር፣ ጆንያ ምናምን እያላችሁ አትከምሩ።

የማልወደው የናፍጣ ፍጆታውን ነው፣ ባዶውን በሊትር 11 ኪሎ ሜትር የሚሄደው ተሳቢው ሲቀጠልበት 6 ላይ ይወርዳል። የኋላ ወንበሩም ረጅም መንገድ ላይ ወገብ ይጨርሳል። ደሞ የጎን መስታወቱ ከተሳቢው ጠርዝ አልፎ አያሳይም፣ ወንድሜ ማራዘሚያ አስበይዳለሁ ካለ ሁለት ወር አልፎታል፣ እስካሁን የኋላ ማርሽ ሳስገባ እሱ ወርዶ እያፏጨልኝ ነው የምገባው።