ነሐስ ሳንጨርስ ብራችን አለቀ

እጄ አሁንም እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ፊደል ብገድፍ ይቅርታ። ለሠርጋችን ዳንስ ከምንማርበት ስቱዲዮ ከወጣን ገና ሁለት ሰዓት አልሞላንም።

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢዋ ያላችሁ፣ በተለይ ሠርግ የደረሰባችሁ፣ ሰዎቹን ታውቋቸዋላችሁ። መስታወት በመስታወት የሆነ አዳራሽ፣ በር ላይ ፈገግታ፣ ሦስት የሙከራ ትምህርት በ59 ዶላር። ከሦስተኛው በኋላ ያቺ ጠባብ ክፍል። ውሃ ይቀርብላችኋል፤ "ተፈጥሯዊ ችሎታ አላችሁ" ትባላላችሁ። ግድግዳው ላይ ደረጃዎቹ ተሰቅለዋል፦ ነሐስ፣ ብር፣ ወርቅ። ከዚያ ወረቀቱ ይመጣል።

የእኛ ወረቀት 20 የግል ትምህርት፣ እያንዳንዱ 45 ደቂቃ፣ 24 ፊገር (ስም ያለው የዳንስ እንቅስቃሴ ማለት ነው)፣ 2,400 ዶላር ይላል። ሌሊት ሌሊት ኡበር እየነዳሁ ያጠራቀምኩት ነው። እጮኛዬ "እስኪ ቤት ሄደን እንምከርበት" ብላኝ ነበር። ጎበዙ እኔ ግን "ችሎታ አለህ" ስባል ልቤ አብጦ ፈረምኩ። እስክስታ ስመታ እናቴ "ቀስ በል፣ ትሰበራለህ" የምትለኝ ሰው ነኝ እኮ!

መጀመሪያ ያስተማሩን ዋልትዝ የሚባለውን ዳንስ ቦክስ ነው። ወደፊት፣ ወደ ጎን፣ መግጠም፤ ወደኋላ፣ ወደ ጎን፣ መግጠም። ስድስት እርምጃ ሆኖ ወለሉ ላይ አራት ማዕዘን ይሠራል። ቦክሱን ማን እንደሚቀምስ ያኔ አልገባኝም። ሩምባ የሚባለው ዳንስ ላይ ስንደርስ "አዲስ ፊገር" ተብሎ የመጣው ያው ቦክስ ሆነ። እጮኛዬ በአማርኛ "ይሄ ያው አይደል እንዴ?" አለችኝ። እውነቱን ለመናገር እዚህ ላይ የሚከራከሩበት አፍ አላቸው። ዋልትዝ በሦስት ምት፣ ከፍ ዝቅ እየተባለ ነው። ሩምባ አራት ምት ነው፤ አንዱ እርምጃ ዘገም ይላል፣ ሁለቱ ይፈጥናሉ፣ ዳሌም ሥራ አለው። እና እሺ፣ ይሁን ብዬ ራሴን ሸነገልኩ።

ዛሬ አስተማሪያችን ቀረችና ሌላ ልጅ ተተካ። የቻ ቻ ቻ ሙዚቃ ከፈተ፣ ዝርዝራችንን አየና "17 ቁጥር፣ ኒውዮርክ" አለ። ስሙ ራሱ ደስ አለኝ። እጅ ለእጅ አያያዘን። ጎን ለጎን አዞረን። በመሀላችን በኩል ያለውን እግር ወደፊት፣ ሰውነትን ወደኋላው እግር መለስ፣ ቻ ቻ ቻ፣ ከዚያ ደግሞ በዚያኛው ጎን። እግሬ ከእኔ ቀድሞ አወቀው። ከሦስት ሳምንት በፊት የተማርነው ነው! ያኔ ስሙ "ክሮስኦቨር ብሬክ" ነበር። 11 ቁጥር።

ልጁን ጠየቅኩት። የዋህ ነው መሰለኝ፣ ምንም ሳይደብቅ "አዎ፣ አንድ ነው። በአሜሪካን ስታይል ክሮስኦቨር ብሬክ ነው የሚባለው፣ በኢንተርናሽናሉ ስታይል ኒውዮርክ" አለኝ። ይህን እያለኝ፣ እያየሁት፣ 17 ቁጥር ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ ራይት አደረገ። የአንድ ትምህርት ዋጋ፣ የ120 ዶላር ራይት። ኒውዮርክ በአውቶቡስ ደርሼ ብመለስ ይህን ያህል አያስወጣኝም።

ማናጀሯ ጋ ሄድን። ከስልኳ ቀና ሳትል "ለጀማሪ ሁሉም አንድ ይመስለዋል" አለች። ሁለቱን ቁጥሮች በጣቴ አሳየኋት። "እኛ የሸጥንላችሁ ሰዓት ነው እንጂ ፊገር አይደለም።" ታዲያ 24ቱን ለምን ዘረዘራችሁት? መልስ የለም። ቀሪው ገንዘብ ይመለስልን ስላት ወረቀቱን ገለበጠችው። ከጀርባው ደቃቅ ጽሑፍ አለ፦ ያልተጠቀሙበት ትምህርት ገንዘብ አይመለስም፣ ለሌላ ሰው አይተላለፍም። ከሥሩ የእኔው ፊርማ። ከዚያ እጮኛዬንና እኔን ከላይ እስከ ታች አየችንና "ለነገሩ ስትጨፍሩ አይቻችኋለሁ፤ ብትደግሙት አይጎዳችሁም" አለች። ፊት ለፊት የተቀመጠችው ልጅ አፏን ይዛ ሳቀች። ሙድ ያዙብን፣ በገዛ ገንዘባችን።

መኪና ውስጥ ሆነን ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ቆጠርነው። አንደርአርም ተርን ብቻ አራት ቦታ አለ፦ በዋልትዝ፣ በሩምባ፣ በቻ ቻ ቻ፣ በስዊንግ። ሴቷ በወንዱ ክንድ ሥር ዞራ መውጣቷ ነው፣ በቃ። እጮኛዬ "እንምከርበት ብዬህ ነበር" አላለችኝም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

ልትፈርሙ ያሰባችሁ ካላችሁ ዝርዝሩን ቤት ውሰዱትና ስሞቹን አንድ በአንድ ዩቲዩብ ላይ እዩ። ከተቻለ በየትምህርቱ ክፈሉ። ጀርባውንም አንብቡ።

ሠርጉ አምስት ሳምንት ቀርቶታል፣ እኛ ደግሞ 11 ትምህርት ይቀረናል። እጮኛዬ "ገንዘባችን ነው፣ ሄደን እንጨርሰዋለን" ብላለች። ማክሰኞ 18 ቁጥር ነው፣ "ሃንድ ቱ ሃንድ" ይላል። አሁን ከፍቼ እያየሁት ነው። ይሄኛው ቢያንስ ወደኋላ ነው የሚረገጠው።