ሽታ የሌለው ክሎሪን እንዳትገዙ

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ልጆቼ ዛሬ ውሃው ውስጥ ሊገቡ ነበር።

የምንኖረው ሳር ቤት አካባቢ ነው። ግቢያችን ውስጥ ትንሽ መዋኛ ገንዳ አለች። ቅዳሜ ጠዋት አንድ አይጠ መጎጥ ሞቶ ውሃው ላይ ተንሳፎ አገኘን። ክረምቱን ሙሉ ዝናቡ ከየጉድጓዱ ሲያስወጣቸው ነበር። የአይጥ ሽንት ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባል በሽታ ያስተላልፋል፤ በተበከለ ውሃ በኩል በትንሽ ጭረት ሳይቀር ይገባል። ልጅ ደግሞ ጉልበቱ መቼ ከጭረት ጸድቶ ያውቃል? ባለሙያ ጠራሁ።

መቼም ታውቋቸዋላችሁ። «እናቴ፣ ሃሳብ አይግባዎት፣ ዛሬውኑ እንጨርሰዋለን።» ሁለት ልጆች ይዞ መጣ። አይጧን በመረብ አወጧትና ከአጥር ውጭ ወረወሯት። ጓንት የለ፣ ምን የለ። ከዚያ ከነጭ ባልዲ ዱቄት በተኑ። ጠጋ ብዬ አሸተትኩት። ምንም አይሸትም። «ጥሩ ክሎሪን አይሸትም፣ የሚሸተው ርካሹ ነው» አለኝ።

አመንኩት! በረኪና እንኳን ክዳኑ ሲከፈት አፍንጫ ይሰነፍጣል። የገንዳ ክሎሪን ዱቄት ከበረኪና ብዙ እጥፍ እንደሚበረታ አውቃለሁ። እያወቅኩ ዝም አልኩ። «በደረሰኝ ከሆነ 15 በመቶ ቫት አለው፣ ይቅርብዎት» ሲለኝም እሺ አልኩ። 12,000 ብር ከፈልኩ።

በነጋታው ውሃው እንደ መስታወት ጠራ። ደስ አለኝ፣ ለጎረቤት ሁሉ አሳየሁ።

ዛሬ ጠዋት ቀሪውን 6,000 ብር ሊቀበል መጣ። ወንድሜ የገንዳ ውሃ መመርመሪያ ይዞ ነበር። በትንሿ ብልቃጥ ውሃ ቀድቶ ኪኒኗን ጨመረ። ክሎሪን ካለ ሮዝ ይሆናል። ቆመን ጠበቅን። ምንም። «ኪኒኑ ጊዜው አልፎበታል» አለ ሰውዬው። ወንድሜ አልመለሰለትም። የገንዳውን ውሃ በሃይላንድ ቀዳ፣ ከባልዲው ዱቄት ጥቂት ፍሬ ጨመረ፣ ናጠው፣ እንደገና ለካ። አሁንም ምንም። ከዚያ እዚያው ሃይላንድ ውስጥ ሁለት ጠብታ በረኪና አደረገበትና ለካው። ወዲያው ሮዝ ሆነ።

ሰውዬው ወደ ረዳቶቹ ዞሮ ሳቀ። «አይጥ ናት እኮ፣ ምን ታካብጂያለሽ? ውሃሽ ጠርቶልሻል አይደል?» ቅዳሜ «እርስዎ» ነበርኩ። ገንዘቤን ከበላ በኋላ «አንቺ» ሆንኩ። ልጆቼ ፎጣቸውን ይዘው በር ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር።

ዱቄቱ ምን እንደሆነ እስካሁን አልነገረኝም። ቆሻሻ አዝቅጦ ውሃ የሚያጠራ ነገር ሞልቷል፤ አልሙኒየም ሰልፌትም ያጠራል፣ ጀርም ግን አይገድልም። ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄጄ ልክሰስ ብል፣ በምን ደረሰኝ?

እናንተ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ መመርመሪያም ይኑራችሁ። የሞተ እንስሳ ካገኛችሁ ማንም እንዳይገባ። ጓንት አድርጋችሁ አውጡት፣ በሁለት ፌስታል ደርባችሁ ጣሉት። ማጣሪያው እየሠራ ክሎሪኑን በሊትር 2 ሚሊግራም፣ ፒኤቹን (የውሃውን የአሲድነት መጠን መለኪያ ነው) 7.5 ወይም ከዚያ በታች አድርጋችሁ ቢያንስ 30 ደቂቃ አቆዩት። መረቡንም እዚያው ንከሩት። ይህ 25 ዲግሪ ለሞቀ ውሃ ነው፤ የኛ አገር ውሃ ቀዝቃዛ ስለሆነ ጨምራችሁ አቆዩት።

ገንዳውን በሸራ ሸፍኜዋለሁ። ትንሹ ልጄ ነገ ይከፈት እንደሆነ አሁንም እየጠየቀኝ ነው።