ግሎባል ብራንድ ዳታቤዝ፦ ካርቶን ከማሳተማችሁ በፊት ግቡበት

ይሄ የተመዘገቡ የንግድ ምልክቶችን የምትፈልጉበት ድረ ገፅ ነው፣ ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ፣ አንዷን ለምን እንደቀነስኩ ወደታች እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ እንዴት እንደደረስኩበት ላውራ። እኔና እህቴ ሳሙናና ሻማ በእጃችን እየሰራን ነው የምንሸጠው፣ ሁለታችን ብቻ ነን፣ ሌላ ሰራተኛ የለንም። ስም አወጣን፣ ሎጎ አሰራን፣ ካርቶን ላይ አሳተምን፣ ገፅ ከፈትን፣ ይሄ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው እንግዲህ የንግድ ምልክት ማስመዝገብ ትዝ ያለን። ኦንላይን ያገኘነው አንድ ኤጀንት ሂሳቡን ተቀብሎ በማግስቱ "ስሙ ነፃ ነው፣ ይግባ" ብሎ ፃፈልን፣ እኛም አስገባን። ወራት ቆይቶ የመጣው መልስ ግን ውድቅ! ከኛ በፊት ለሳሙና የተመዘገበ፣ ሲፃፍ በሁለት ፊደል ብቻ የሚለይ፣ ሲጠራ ግን ቁርጥ የኛኑ የሆነ ስም አለ። ኤጀንቱ በምን ነፃ ነው አለ ብትሉኝ፣ ስማችንን እንዳለ ፅፎ ፈለገ፣ ምንም አልመጣለትም፣ በቃ። ካርቶኑ እስከዛሬ አልጋ ስር ነው፣ እህቴ ቤት በጠረገች ቁጥር እየነካችው ታስታውሰኛለች።

ከዛ በእልህ ራሴ መፈለግ ጀመርኩ። ይሄ ዳታቤዝ የዋይፖ ነው፣ ጄኔቫ ያለው የተባበሩት መንግስታት የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት ማለት ነው፣ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፣ ለመፈለግ አይከፈልበትም። የብዙ አገር መዝገቦችን አንድ ላይ ሰብስቦ ያሳያችኋል፣ ያለው ምልክት በአስር ሚሊዮኖች ነው የሚቆጠረው። እንደ ንግድ ምልክት እንዳይመዘገቡ ጥበቃ ያላቸው የአገር ባንዲራዎችና አርማዎች ሳይቀሩ አሉበት፣ ሎጎው ላይ ባንዲራ መለጠፍ የሚወድ ሰው ካለ ቀድሞ ይሄን ይይ።

በጣም የወደድኩት ነገር ስሙን እንዳለ ብቻ ሳይሆን በአፃፃፍ የሚቀራረበውን፣ በድምፅም የሚመሳሰለውን እንዲያመጣ ማዘዝ መቻሉ ነው። የኛን አሮጌ ስም አስገብቼ በድምፅ ፈልግ ስለው ያ ጉድ ያደረገን ምልክት ከላይ ከመጡት መሀል ቁጭ ብሏል፣ አምስት ደቂቃ አልፈጀም! ለኛ ቋንቋ ደግሞ ይሄ ነገር ምን ያህል እንደሚጠቅም እዩት፣ "ፀሐይ" የሚለውን ብቻ ብትወስዱ በራሳችን ፊደል ስንት ዓይነት ይፃፋል፣ ወደ ላቲን ፊደል ሲገለበጥማ ሰው ሁሉ እንደመሰለው ነው የሚፅፈው፣ አንዱ በ"ጸ" ድምፅ አንዱ በ"ሰ"፣ መጨረሻው ላይ ያለችውን "ይ" አንዱ በአንድ ፊደል ሌላው በሌላ። ማመልከቻችሁን የሚያየው የመስሪያ ቤቱ መርማሪ ታዲያ ፊደል አይቆጥርም፣ ገዢ ሰምቶ ወይ አይቶ ይሳሳታል ወይ ነው ጥያቄው፣ አንዳንዴ እንዲያውም ትርጉሙም ይታያል፣ በሌላ ቋንቋ "ጨረቃ" ማለት የሆነ ስም ለተመሳሳይ ዕቃ ተመዝግቦ ከሆነ "የኔኮ በአማርኛ ነው" ማለት ብቻውን ላያድን ይችላል። ስለዚህ የምትችሉትን ያህል አፃፃፍ ዘርዝራችሁ አንድ በአንድ አስገቡት፣ እኔ አሁን ለአንድ ስም ስድስት ሰባት ዓይነት ሳልሞክር አልተኛም።

በምስል መፈለግም አለው። ሎጎውን ትሰቅላላችሁ የሚመስለውን ያመጣል፣ ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ በሰው ሰራሽ አስተውሎት ነው የሚሰራው። የኛ ሎጎ አንዲት ጠብታና ቅጠል ነው፣ ኦሪጅናል ነው ብለን ስንፎክርበት የነበረ ነው እንግዲህ፣ ሰቅዬው የመጣውን የጠብታና የቅጠል ብዛት ሳይ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፣ እህቴን ጠርቼ "ነይ ዘመዶችሽን እዪ" አልኳት። ሳሙና የሚሰራ ሰው ሁሉ ጠብታ ነው የሚታየው መሰለኝ። ሎጎ ካነሳን አይቀር፣ ዲዛይነር ከፍላችሁ ካሰራችሁ የኮፒራይት መብቱ ወደናንተ መተላለፉን በፅሁፍ አስፈርሙ፣ ብዙ ቦታ ከፍያለሁ ማለት ብቻውን መብቱን ያንተ አያደርገውም።

አሁን ሰው ሁሉ ወደሚደናገርበት ወደ ክፍሎቹ ልምጣ፣ ምክንያቱም ዳታቤዙን ያለክፍል ስትፈልጉት የማይመለከታችሁ ነገር ጎርፍ ሆኖ ነው የሚመጣው። የንግድ ምልክት ስምን ለሁሉም ነገር አይሰጣችሁም፣ ለዘረዘራችሁት ዕቃ ወይም አገልግሎት ነው የሚሰጣችሁ። ዝርዝሩ የሚመደበው ኒስ በሚባለው አመዳደብ ነው፣ በ1957 እ.ኤ.አ. ኒስ ከተማ ከተፈረመ ስምምነት የመጣ ነው፣ 45 ክፍል አለው፣ ከ1 እስከ 34 ዕቃ ከ35 እስከ 45 አገልግሎት። እኔ ሳሙናና ሻማ አንድ ላይ ስለምሸጥ አንድ ክፍል ነው የመሰለኝ፣ ለካ ሳሙና 3 ነው ሻማ 4! ሳሙናውን መድኃኒትነት አለው ብላችሁ ከሸጣችሁት ደግሞ ወደ 5 ይሄዳል፣ የሳሙና ማስቀመጫ 21፣ የሳሙና አሰራር ስልጠና ብትሰጡ 41። ኤጀንቱ ያስገባልን 3ን ብቻ ነበር፣ ስሙ ቢያልፍልን እንኳ ሻማው ሜዳ ላይ ነበር የሚቀረው። ማመልከቻ ከገባ በኋላ ዝርዝሩን ማጥበብ እንጂ ማስፋት አይቻልም፣ የረሳችሁት ካለ አዲስ ማመልከቻ ነው።

በተቃራኒው ደግሞ "ለማንኛውም" እያሉ ክፍል መደርደርም ኪስ ያራግፋል፣ አብዛኛው ቦታ ክፍያው በክፍል ብዛት ነው። በተለይ 35ን ብዙ ሰው በስህተት ይወስዳታል፣ እኔም ወስጃት ነበር በሀሳቤ፣ ያው እሸጣለሁ አይደል ብዬ። 35 ግን ለሌላ ሰው የሚሰጥ አገልግሎት ነው፣ ማስታወቂያ መስራት፣ የተለያየ ሰው ዕቃ ሰብስቦ መሸጥ ምናምን። የራሳችሁን ሳሙና ብቻ የምትሸጡ ከሆነ ዋናው ጥበቃችሁ 3 ላይ ነው። ፍለጋ ላይ ግን የራሳችሁን ክፍል ብቻ አይታችሁ አትውጡ፣ ተቀራራቢ ዕቃ በሌላ ክፍል ውስጥ ሆኖም ሊያጋጭ ይችላል፣ የክፍል ቁጥር ለመዝገብ አመቺነት የወጣ ነው እንጂ አጥር አይደለም።

የሚመጣው ውጤት ላይ የእያንዳንዱን ምልክት ሁኔታ ታያላችሁ፣ በስራ ላይ ያለ፣ ገና በሂደት ያለ፣ ያበቃ። ያበቃ የሚለውን አይታችሁ ቶሎ አትጨፍሩ። ምዝገባ አብዛኛው ቦታ 10 ዓመት ነው፣ እያሳደሱ ያለገደብ መቀጠል ይቻላል፣ የማሳደሻው ቀን ቢያልፍ እንኳ ፓሪስ ኮንቬንሽን በሚባለው የአገሮች ስምምነት መሰረት ቢያንስ 6 ወር የእፎይታ ጊዜ አለ፣ ስለዚህ ምዝገባው ከሁለት ወር በፊት ያለቀበት ሰውዬ ነገ ከፍሎ ሊመለስ ይችላል። በስራ ላይ ያለ የሚለው ደግሞ ሁሌም የመንገዱ መጨረሻ አይደለም፣ ተመዝግቦ ያለአገልግሎት የተቀመጠ ምልክት ባለመጠቀም ሊሰረዝ ይችላል፣ ብዙ ቦታ ከ3 ወይም ከ5 ተከታታይ ዓመት በኋላ። ግን እሱ ራሱን የቻለ ክርክር ነው፣ ለሁለት ሰው ቢዝነስ ሌላ ስም ማውጣት ይረክሳል።

አሁን የቀነስኳት ኮከብ። አንደኛ ሁሉም አገር እዚህ ውስጥ የለም፣ ያሉትም መረጃቸውን የሚያድሱበት ጊዜ ይለያያል፣ ትናንት የገባ ማመልከቻ ዛሬ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ከዚህ ወጥታችሁ የምትመዘገቡበትን መስሪያ ቤት የራሱን መዝገብ ማየት ግዴታ ነው። ሁለተኛ ያልተመዘገበ ስም አይታየውም፣ አንዳንድ አገር ደግሞ ሳያስመዘግብ ቀድሞ የተጠቀመ ሰውም መብት አለው፣ እሱን በተራ ሰርችና በሶሻል ሚዲያ ነው የምታገኙት። በአማርኛ አለመኖሩም አለ፣ እሱን እንለፈው።

ሶስተኛው ትልቁ ነው፣ ስሙ በራሱ መመዝገብ የሚችል ስም መሆኑን አይነግራችሁም። "ንፁህ ሳሙና" ብላችሁ ፈልጉ፣ ማንም አልያዘውም እንበል፣ ያልያዘው ግን ስለማይሰጥ ነው! ዕቃውን የሚገልፅ ቃል ለአንድ ሰው አይሰጥም፣ ሌላው ሳሙና ሰሪ ሳሙናዬ ንፁህ ነው ብሎ መናገር አለበታ። ጠንካራ የሚባለው ከዕቃው ጋር ግንኙነት የሌለው ቃል ነው፣ አፕል ለኮምፒውተር እንደተባለው፣ ወይ ጭራሽ ከዜሮ የተፈጠረ ቃል፣ ኮዳክ የሚለውን የካሜራ ስም መስራቹ ኢስትማን በ1888 እ.ኤ.አ. ሲያስመዘግብ ቃሉ በየትኛውም ቋንቋ ምንም ማለት አልነበረም። እኛ ትናንሾቹ ግን ገዢው ስሙን ሰምቶ ምን እንደምንሸጥ ካላወቀ የጠፋን ይመስለናል፣ እህቴ አሁንም "ሳሙና የሚል ካልገባበት" ትላለች፣ ኧረ ካርቶኑ ላይ በትልቁ ፃፊው፣ ስሙ ውስጥ ምን ያደርጋል!

ኤጀንት አያስፈልግም እያልኩ አይደለም፣ ውድቅ ላይ መልስ መፃፍና ሌላ ሰው ምልክታችሁን ሲቃወም መከራከር ሙያ ነው። ግን ሂሳብ ከመክፈላችሁ በፊት የትኛውን መዝገብ እንደሚያይ፣ በድምፅ የሚመሳሰለውንም እንደሚፈልግ፣ በየትኞቹ ክፍሎች እንደሚያይ ጠይቁትና ውጤቱን በፅሁፍ ስጠኝ በሉት። እኛ ይሄን አንድም አልጠየቅንም፣ "ነፃ ነው" የምትለዋን ቃል ለመስማት ቸኩለን ነበር እውነቱን ለመናገር።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ማመልከቻ ሲታተም ስማችሁና አድራሻችሁ ለማንም ይታያል። የኛ የመጀመሪያው ማመልከቻ በገባ በጥቂት ሳምንት ማህተም ያለው፣ የምልክታችን ቁጥር የተፃፈበት፣ "የምዝገባ ክፍያ" የሚል ደብዳቤ መጣ፣ እህቴ ልትከፍል ስትል ነው የያዝኳት። ማጭበርበሪያ ነው፣ የትም ያለ ነው፣ ዋይፖ ራሱ ስለዚህ ያስጠነቅቃል። የክፍያ ወረቀት ሲመጣ መስሪያ ቤቱ ራሱ ጋ አጣሩ። "የተመዘገበ" ማለት የሆነችውን በክብ ውስጥ ያለች አር (®) ደግሞ ምዝገባው ሳያልቅ ካርቶን ላይ እንዳታደርጓት፣ ብዙ አገር ሳይመዘገቡ መጠቀም ያስቀጣል፣ እስከዛ ቲኤም (TM) የምትለዋ ትበቃለች።

ሌላ አገርስ ለምትሉ፣ ያንድ አገር ምዝገባ እዛው አገር ላይ ነው የሚያበቃው። ማመልከቻችሁን ባስገባችሁ በ6 ወር ውስጥ ሌላ አገር ካስገባችሁ እዛም የመጀመሪያው ማመልከቻ ቀን ይያዝላችኋል፣ አለበለዚያ ማድሪድ ሲስተም አለ፣ አባል አገር ላይ መሰረት የሚሆን ማመልከቻ ወይም ምዝገባ ካላችሁ በአንድ ማመልከቻ ብዙ አገር መጠየቅ ነው፣ የመጀመሪያው ምልክት በ5 ዓመት ውስጥ ከወደቀ ግን ሌላውም አብሮ ይወድቃል። ለኛ ገና ሩቅ ነው።

አዲሱ ስማችን ምንም ማለት ያልሆነ ቃል ነው፣ እህቴ እስካሁን አልወደደችውም። በሰባት አፃፃፍ ፈልጌው፣ 3ንና 4ን አይቼ፣ የመስሪያ ቤቱንም መዝገብ አይቼ አስገብተናል፣ መልሱን እየጠበቅን ነው። ሳሙናውን ለጊዜው በነጭ ካርቶን ነው የምንሸጠው፣ ማተሚያ ቤት ግን ገና አልሄድንም።