15 ሺህ ዩሮ ይዞ ወጣት የድሬሳዥ ፈረስ መግዛት፦ የቱ ይሻላል?

ድሬሳዥ ፈረሱ በጋላቢው ትእዛዝ የተለያዩ እንቅስቃሴዎችን አሳምሮ የሚያሳይበት የግልቢያ ውድድር ነው። ጀርመን ውስጥ ጥሩ የድሬሳዥ ፈረስ ሞልቷል፤ የሚያጥረው የገዢው ኪስ ነው። ይህ ንጽጽር 15 ሺህ ዩሮ ገደማ ይዞ፣ ተስፋ ያለው ወጣት ፈረስ ለሚፈልግ ሰው የተጻፈ ነው። ኔዘርላንድስ ወይም ቤልጅየም ለምትኖሩም ነገሩ ብዙ አይለይም። የምጠራቸው ዋጋዎች ግምት ናቸው፤ እንደ አካባቢውና እንደ ወቅቱ ከፍ ዝቅ ይላሉ።

የወጣት ፈረስ ዋጋ የሚቆረጠው በሶምሶማው ነው። የፊት እግሩን ከፍ አድርጎ እየወረወረ መሬት የማይነካ የሚመስል የ3 ዓመት ፈረስ ሲመጣ፣ ያየው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። ከሶምሶማው ቀጥሎ ጥቁር ቀለም፣ ረጅም ቁመትና ስመ ጥር አባት ዋጋ ያስጨምራሉ። ገንዘቡ የተወሰነ ሰው እዚያ ሜዳ ላይ ከሀብታም ጋር ባይሻማ ይሻላል። ገበያው ብዙም የማይከፍልባቸው፣ ፈረሱ ሲያድግ ግን ዋናዎቹ የሚሆኑ ነገሮች አሉ። የእኛ ገንዘብ መሄድ ያለበት ወደ እነሱ ነው።

ውርንጭላ፣ የ3 ዓመት ወይስ የ5 ዓመት?

ውርንጭላ ርካሽ ይመስላል። ጡት የጣለ፣ ደህና ዘር ያለው የ6 ወር ውርንጭላ በ5 ሺህ ዩሮ አካባቢ ይገኛል። ሂሳቡን እስከ 3 ዓመቱ ስንገፋው ግን መልኩ ይቀየራል። ለወጣት ፈረሶች በተዘጋጀ የግጦሽ ቦታ ማሳደጊያ በወር 180 ዩሮ ብንል፣ በ30 ወር 5,400 ይሆናል። ሰኮና ማስተካከያ፣ ክትባት፣ የትል መድኃኒትና ኢንሹራንስ ሲደመሩበት ጠቅላላው ወደ 12 ሺህ ይጠጋል። ያን ሁሉ ከፍላችሁ የምታገኙት ገና ኮርቻ ያልተጫነበት ፈረስ ነው። በመሀል መስክ ላይ እግሩን ሊሰብር ይችላል። ቁመቱ ሊቀር ይችላል። በ3 ዓመቱ ራጅ ሲነሳ መገጣጠሚያው ውስጥ የአጥንት ስባሪ ሊገኝ ይችላል። የውርንጭላ ጥቅሙ ክፍያው በየወሩ የተከፋፈለ መሆኑ ነው። በአንድ ጊዜ ብዙ ብር ማውጣት ለማይችል፣ ይልቁንም የራሱ መስክ ላለው ሰው ያዋጣል። ለሌላው ግን ቁማር ነው።

በዚያው 10 ወይም 12 ሺህ ዩሮ የ3 ዓመት ፈረስ ከትንሽ አርቢ እጅ ይገኛል። ልዩነቱ፣ ያደገውን ፈረስ በዓይናችሁ ማየታችሁ ነው። ቁመቱ ታውቋል። ራጅ ማንሳት ይቻላል። አካሄዱም ጠባዩም ይታያል፤ ማንም ገና አላበላሸውም። ታዲያ 15ቱንም ሺህ ፈረሱ ላይ አትጨርሱ። ለሐኪም ምርመራ፣ ለማጓጓዣና ለመግራት ገንዘብ ያስፈልጋል። ሥራውን የሚያውቅ አሰልጣኝ ዘንድ ማቆየት ከነማደሪያው በወር 1,000 ዩሮ ሊደርስ ይችላል፤ ለመጀመሪያው መግራት ደግሞ ሁለትና ሦስት ወር የተለመደ ነው። መቸኮልም አያስፈልግም። የጀርባ አጥንቱ እድገት የሚያበቃው 5 ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። ኦሎምፒክ ላይ እንኳ ከ8 ዓመት በታች የሆነ የድሬሳዥ ፈረስ አይፈቀድም።

የ5 ወይም የ6 ዓመት ፈረስስ? ተገርቷል፣ ውድድር አይቷል፣ ወጥታችሁ ትሞክሩታላችሁ። ችግሩ፣ በዚህ ዕድሜ በእርግጥ ተስፋ ያለው ፈረስ ዋጋው ከእኛ አቅም በላይ መሆኑ ነው። ስለዚህ በ13 ሺህ የሚሸጥ ጎበዝ የ5 ዓመት ፈረስ ስታገኙ “ለምን?” ብላችሁ ጠይቁ። ምክንያቱ ከሰውነቱ ከሆነ ሐኪም ይነግራችኋል። ከጠባዩ ከሆነ ራሱ ይነግራችኋል፤ ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ቀን። ምክንያቱ ከባለቤቱ ከሆነ ግን ዕድል ነው። ባለቤቷ ልትወልድ ነው፣ ልጅየዋ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ነው፣ ትዳር ፈርሷል። እንዲህ ያለ ፈረስ ሶምሶማው ተራ ቢሆንም፣ ወጣት ፈረስ ገርቶ ለማያውቅ ሰው ከ3 ዓመቱ ይሻለዋል። ሁለቱም ልምድ የሌላቸው ፈረስና ጋላቢ ሲገናኙ ውጤቱ የሚታየው ሆስፒታል ነው።

ልምዱ ላለው፣ ወይም አጠገቡ ጥሩ አሰልጣኝ ላለው ግን የእኔ ምርጫ የ3 ዓመቱ ነው።

ሶምሶማ፣ እርምጃ እና ደንገላሳ

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ገንዘብ የሚተርፈውም የሚባክነውም እዚህ ነውና።

ሶምሶማ በሥልጠና ይሻሻላል። ጀርባው ሲጠነክር፣ የኋላ እግሩ ሥራ ሲለምድ፣ በ3 ዓመቱ ተራ የነበረው ሶምሶማ በ7 ዓመቱ ሌላ ፈረስ ያስመስለዋል። እርምጃ፣ ማለትም ሳይሮጥ ሲሄድ ያለው አካሄድ፣ ግን ይዞት የተወለደው ነው። በመጥፎ ግልቢያ ይበላሻል እንጂ በጥሩ ግልቢያ ብዙ አይጨምርም። በብዙ የውድድር ፈተናዎች ደግሞ የሰፊው እርምጃ ነጥብ በ2 ይባዛል። ስለዚህ ፈረሱን ጠንካራ መሬት ላይ በዝግታ አስኪዱትና ከጎን እዩት። የኋላ ኮቴው የፊት ኮቴው ካረፈበት አልፎ መርገጥ አለበት። አራቱ ምቶች ለየብቻ መሰማት አለባቸው። በአንድ ጎን ያሉት ሁለት እግሮች እንደ ግመል አብረው የሚነሱ ከሆነ፣ ሶምሶማው የቱንም ያህል ቢያምር ይለፋችሁ።

ደንገላሳውም፣ ማለትም ከሶምሶማ የፈጠነው ባለ ሦስት ምት ሩጫ፣ በአስፈላጊነት ከሶምሶማው ይቀድማል። ከፍ ባለው ደረጃ የሚመጡት ከባድ ነገሮች፣ እግር በአየር ላይ መቀያየሩም በቦታ መዞሩም፣ ከእሱ ነው የሚወጡት። ሦስቱ ምቶች ጥርት ብለው ይሰማሉ? ከዚያ በኋላ አራቱም እግሮች ከመሬት የሚነሱበት ቅጽበት አለ? የፊት አካሉ ወደ ላይ ይወጣል ወይስ ወደ መሬት ይደፋል? ሜዳ ላይ ልቅ ሲለቀቅ፣ አቅጣጫ ሲቀይር ማንም ሳያዘው እግሩን በአየር ላይ ከቀየረ ትልቅ ምልክት ነው።

አስደናቂው ሶምሶማ ደግሞ የራሱ አደጋ አለው። የፊት እግሩ እየተወረወረ የኋላው ወደ ኋላ የሚቀር ፈረስ ብዙ ነው። ከሰኮናው በላይ ያለው መገጣጠሚያ ሲረግጥ ወደ መሬት በጣም ዝቅ የሚል ከሆነ ጅማቱ የሚሸከመው ጫና ይበዛል። እንዲህ ያለው ፈረስ ቪዲዮ ላይ ያምራል፣ ዋጋው ይንራል፣ ከዚያም ቶሎ ይጎዳል።

ጉግስ እያየ ያደገ ሰው እዚህ ላይ ዓይኑ ይጠቅመዋል። ጥሩ የጉግስ ፈረስ ተፈትልኮ ይሄድና፣ ጌታው ሲይዘው ወገቡን ዝቅ አድርጎ በኋላ እግሩ ላይ ተቀምጦ ይዞራል። ድሬሳዥም የሚፈልገው ያንኑ የኋላ እግር ነው፤ በዝግታና በእርጋታ ይሁን እንጂ።

አንድ ነገር ልጨምር። ልቅ ሲለቀቅ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች አትመኑ። ጭራውን ቀስሮ ሲፈነጥዝ የማንኛውም ፈረስ ሶምሶማ ያማልላል። ደስታው በርዶለት ሲረጋጋ የምታዩት አካሄድ ነው ወደ ቤት የምትወስዱት። በዚያው ጠባዩንም ተመልከቱ። ጃንጥላ ሲከፈት ምን ያደርጋል? ደንግጦ ተመልሶ ሊያሸት ከመጣ ጥሩ ነው። ከጓደኞቹ ሲለይ እያላበው ይጮሃል? እግሩን ሲያነሱት ይሰጣል?

ባዝራ፣ የተኮላሸ ወይስ ድንጉላ?

ብዙ ገዢ የተኮላሸ፣ ጥቁር፣ ቁመቱ ከ1 ሜትር ከ70 በላይ የሆነ ፈረስ ይፈልጋል። እንግዲህ ባዝራ፣ ቀይና አጠር ያለ ፈረስ ለእኛ ይቀርልናል ማለት ነው። መቅረቱ ደግሞ ከችሎታ ማነስ አይደለም። በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሎምፒክ በግል ውድድር ወርቁን ዳሌራ፣ ብሩን ቤላ ሮዝ ወሰዱ። ሁለቱም ባዝራዎች ናቸው፤ ቤላ ሮዝ ቀይ ናት። ነሐሱን የወሰደው ጂዮም ቀይ፣ ቁመቱ አጠር ያለ የተኮላሸ ፈረስ ነው። ዳሌራ በ2024 ፓሪስ ላይ ወርቁን ደገመችው።

ባዝራ አንዳንዴ ስሜቷ ይለዋወጣል፣ ይህ እውነት ነው። “ባትሆን ትወልዳለች” ብሎ መግዛት ግን ሂሳብ አይደለም፤ ተራ ባዝራ ማስወለድ ገንዘብ ይበላል። ድንጉላ ለጀማሪ አይሆንም፤ ብዙ በረትም አይቀበለውም። ነገር ግን በሁለት ዓመት ተኩሉ ለዘር ቀርቦ ያልተመረጠ ድንጉላ በደህና ዋጋ አግኝቶ ማኮላሸት ይቻላል። ለዕይታ ሲባል ቀድሞ ተቀልቦና ተሠርቶበት ሊሆን ስለሚችል ራጁ ላይ ጠበቅ በሉ።

የጀርመን ዋርምብለድ ወይስ የስፔንና የፖርቱጋል ፈረስ?

ሃኖቨራን፣ ኦልደንቡርግ፣ ዌስትፋለን፣ ትራኬነርና የኔዘርላንድሱ ኬደብልዩፒኤን ዋርምብለድ የሚባሉት፣ ለውድድር ተብለው የተመረጡ የፈረስ ዝርያዎች ናቸው። እርምጃቸው ሰፊ ነው፤ ሶምሶማቸውን መዘርጋት ይችላሉ። የስፔኑ ፒአርኢና የፖርቱጋሉ ሉሲታኖ በአንጻሩ አጠር፣ ሰብሰብ ያሉ ናቸው። ወገባቸውን ዝቅ አድርገው በቦታ መርገጥን ቶሎ ይማራሉ። ላያቸው ላይ መቀመጥም ይቀላል፤ ወገቡን የሚያመው ጋላቢ ይህን ያውቃል። የሚያንሳቸው የተዘረጋው ሶምሶማ ነው፤ አንዳንዶቹ ሲሄዱ የፊት እግራቸውን ወደ ውጭ ይቀዝፋሉ።

ውድድር ላይ ነጥብ መሰብሰብ ከሆነ ሐሳባችሁ፣ ዋርምብለድ ይቀድማል። ከባዱን ሥራ ለራሳችሁ ደስታ መማር ከሆነ ግን፣ በዚህ ገንዘብ ፒአርኢ ወይም ሉሲታኖ ሩቅ ያደርሳችኋል። ከስፔን ስትገዙ አፍንጫው ላይ ጠባሳ ፈልጉ። ሴሬታ የሚባለው ብረት ያለው ማሰሪያ ይተወዋልና፣ ፈረሱ እንዴት እንደተገራ ይናገራል። በመዥገር የሚተላለፈውን የፒሮፕላዝማ በሽታ በደም አስመርምሩ። አምባላይ ከሆነ ደግሞ ከጭራው ሥር እጢ እንዳለ እዩ። አምባላይ ፈረሶች ሲያረጁ አብዛኞቹ ሜላኖማ የሚባለውን የቆዳ እጢ ያወጣሉ።

ከጨረታ ወይስ ከአርቢው በረት?

ፈርደን በምትባለው የጀርመን ከተማ የሚካሄደው የሃኖቨራን ጨረታ ከ1949 ጀምሮ አለ። ፌሽታ (Vechta) በምትባለው ከተማ ደግሞ የኦልደንቡርጎች ጨረታ አለ። ጨረታ ጥሩ ጎን አለው፤ የሐኪም ውጤትና ራጅ ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል፣ ብዙ ፈረስ በአንድ ቦታ ታነጻጽራላችሁ። ነገር ግን መዶሻው የሚወድቅበት ዋጋ የመጨረሻው አይደለም። ኮሚሽንና ታክስ ይጨመርበታል። ጀርመን ውስጥ ከ2012 ወዲህ መደበኛው የፈረስ ሽያጭ ታክስ 19 በመቶ ነው። 10 ሺህ ብላችሁ እጃችሁን ስታነሱ ከ12 ሺህ በላይ ልትከፍሉ ትችላላችሁ። ጨረታ ደግሞ የሶምሶማ መድረክ ነው፤ የእኛ ዓይነት ፈረስ እዚያ ብዙ አይመጣም።

የእኛ ዓይነት ፈረስ የሚገኘው ሁለት ሦስት ባዝራ የሚያስወልድ ገበሬ ዘንድ ነው። እናቲቱን ታያላችሁ፣ ወንድም እህቶቹ ምን እንደሆኑ ትጠይቃላችሁ። ጥሩው ጊዜ መከር ነው። የአውሮፓው የብርድ ወራት ሳይገባ ገበሬው በረቱን ማቅለል ስለሚፈልግ ዋጋ ላይ ይነጋገራል። በቪዲዮ ብቻ፣ በደላላ በኩል መግዛትን ግን አልመክርም። ሁለት ጊዜ ሄዳችሁ እዩት፤ ሁለተኛውን ከመድረሳችሁ ጥቂት ቀደም ብላችሁ ብቻ ደውሉ።

ምርመራና ውል

ሐኪሙን ራሳችሁ ምረጡ፤ የሻጩ ሐኪም አይሁን። ራጅ ያለው ሙሉ ምርመራ 1,000 ዩሮ አካባቢ ይጠይቃል፤ እዚህ ላይ መቆጠብ አያዋጣም። እግሩን አጥፈው ይዘው ወዲያው በሶምሶማ ያስኬዱታል፣ ጀርባውን ይዳስሳሉ፣ ደም ወስደው ያስቀምጣሉ። ማደንዘዣ ተሰጥቶት እንደሆነ በኋላ ከደሙ ይታወቃል። ፍጹም ራጅ ያለው ፈረስ አትጠብቁ። በቀዶ ሕክምና የወጣ ትንሽ የአጥንት ስባሪ ዋጋውን ዝቅ ካደረገውና ሐኪማችሁ ካልሰጋበት፣ ጥሩ ግዢ ሊሆን ይችላል። ደብልዩኤፍኤፍኤስ ለሚባለው የዘር ችግር ተሸካሚ ነው ቢባል ደግሞ ለተኮላሸ ፈረስ ምንም አይደለም። ተሸካሚው ጤነኛ ነው፤ ጉዳዩ የሚያስወልድን ሰው ነው የሚመለከተው።

ሻጩ ነጋዴ ከሆነና እናንተ ለግላችሁ ከገዛችሁ፣ በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት የወጣ ጉድለት ሲሸጥም የነበረ ነው ተብሎ ይገመታል። አይደለም የሚል ከሆነ ማስረዳት የሻጩ ፈንታ ነው። ሻጩ የግል ሰው ከሆነ ግን ይህን ኃላፊነት በውሉ ሊያስቀረው ይችላል። ስለዚህ የተባለላችሁን ሁሉ፣ “አይነክስም፣ ተጎታች ላይ ይወጣል፣ ታሞ አያውቅም” የሚለውን፣ ውሉ ውስጥ አስገቡት። ቀብድ የምትከፍሉ ከሆነ “ምርመራውን ካለፈ” የሚል ቃል ይግባበት። የፈረስ ፓስፖርቱ ላይ ያለው የቺፕ ቁጥር ፈረሱ አንገት ላይ ከሚነበበው ጋር ይመሳከር። የጀርመን ሕግ ፈረስ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ስለሚጠይቅ፣ የኃላፊነት ኢንሹራንሱ ፈረሱን ከምትረከቡበት ቀን ጀምሮ የሚሠራ ይሁን።